ከማንቆርቆሪያ የዘነበ ሃያ ሚሊሜትር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ከእሪ በከንቱ ተነሥቼ ፒያሳ እስክደርስ ቢያንስ አምስት ሰው ያስቆመኛል። ዛሬ ይዘንባል ወይ? ልብስ ላስጣ ወይ? ጃንጥላ ልያዝ ወይ? ሠላሳ አንድ ዓመት የአየር ሁኔታ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መልሱን በቦርሳዬ ይዤ የምዞር ይመስላቸዋል። አላውቅም እላለሁ። በቀደም አንዱ የሰፈራችን ጎረምሳ፣ እትዬ ሰናይት መንግሥት ሠላሳ ዓመት ደመወዝ የከፈለሽ አላውቅም ለማለት ነው እንዴ ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። አራዳ እንዲህ ነው፣ አፍህ ካልፈጠነ ይበሉሃል። እኔም አፌ አያርፍም ነበር፣ ግን ለዚህ እውነትህን ነው ብዬው አለፍኩ። ምክንያቱም የእኔ ሥራ የዘነበውን መለካት እንጂ የሚዘንበውን መናገር አልነበረም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ለአንዲት ሴት ይህን ሥርዓት ጥሼ አዎ ብያለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያች አዎ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ታይፒስት ነበርኩ። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ ስመታ ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ሞላ። ፍጥነቴ የታወቀ ነበር፤ አለቃዬ እንግዳ ሲመጣ እየጠራ ያስመታኝ ነበር። በኋላ ጉድ የሠራኝም ይኸው ፍጥነት ነው። አንድ ቀን የአየር ሁኔታ ታዛቢ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፣ አበልም አለው። እናቴ ሰማይ አይቶ ደመወዝ ተሰምቶ አይታወቅም ብላ ሳቀች። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ጥቂት ወራት ተማርኩና ተመደብኩ።

የምድብ ደብዳቤዬ ነጭ አፈር ይላል። የት እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ተገኙ፣ እነሱም አልተስማሙም። አንደኛው ደጋ ነው፣ ከፍታው ከአዲስ አበባ ይበልጣል፣ ጋቢና የሱፍ ካልሲ ያዢ አለኝ። ሁለተኛው የምን ደጋ፣ በረሃ ነው እንጂ፣ ኮፍያና ነጠላ ጫማ ይበቃሻል አለኝ። እኛ አገር ደጋ ማለት ጭቃና ጉም ነው፣ በረሃ ማለት ደግሞ ቆላ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ግራ ቢገባኝ ሁለቱንም ጠቅልዬ ሄድኩ። ስደርስ ሁለቱም ሰዎች ልክ ነበሩ።

ነጭ አፈር ሰሜን ምሥራቅ፣ የተራራው ሰንሰለት ከሚያልቅበት ጫፍ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ከገደሉ አፍ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ የአፋር በረሃ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ዝናቡን ከጀርባው ያሉት ትልልቅ ተራሮች ይወስዱትና ለነጭ አፈር የሚተርፈው ነፋስና አቧራ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በቀር ዛፍ አይታይም። መሬቱ ነጣ ያለ ጠጠር ሆኖ እዚህም እዚያም ገብስ የሚያበቅል የማሳ ቁራጭ አለው። ከሜዳው መኻል በእሾህ ሽቦ የታጠረ ጣቢያችን አለ።

የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ኃላፊ ልበል እንጂ የሚያዙት እኔን ብቻ ነው። ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም እንደ ሐኪም ትእዛዝ በአጭሩ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ንባብ አለ። ለዚያ ንባብ ጋሽ ደምሴ ጫማቸውን ይወለውላሉ። በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ፣ ከፍየል ሌላ ተመልካች በሌለበት ሜዳ! በልቤ እኚህ ሰውዬ ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ እያልኩ እከተላቸዋለሁ።

ቴርሞሜትሮቹ የሚቀመጡት ጎንና ጎኑ ነፋስ እንዲያሳልፍ በሰያፍ በተደረደረ ጣውላ በተሠራ፣ በአራት እግር በቆመ ነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። ጋሽ ደምሴ በሩን ከመክፈታቸው በፊት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ የሰው ትንፋሽ ቴርሞሜትሩን ያሞቀዋልና። ከዚያ መጀመሪያ ከነጥብ በኋላ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ያነባሉ፣ ትልቁን ቁጥር ኋላ። ትልቁ የትም አይሄድም፣ ትንሿ ግን ሰው ሲጠጋት ትሸሻለች ይሉኝ ነበር። ይጽፋሉ፣ ደግመው ያነባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚተነፍሱት። እኔ የመጀመሪያ ቀን ትንፋሼን ይዤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ልናገር ስል ትን ብሎኝ ሣጥኑ ላይ ሳልኩበት። ጋሽ ደምሴ ሣጥኑ እስኪበርድ አሥር ደቂቃ አቁመውኝ እንደገና አስነበቡኝ።

የአየሩን እርጥበት የምንለካበት፣ እርጥቡ የምንለው ቴርሞሜትር ጫፉን የሚያለብሱት በውሃ የራሰ ጨርቅ አለ። በበልግ አቧራ በሁለት ቀን ውስጥ ቡናማ ይሆናል፣ ቆሻሻ ጨርቅ ደግሞ ይዋሻል። ከአሮጌ ነጠላ እየቀደዱ፣ አጥበው፣ አፍልተው፣ በየሁለት ቀኑ ይቀይሩት ነበር። መዝገቡ አጠገብ ላጲስ ማየት አይወዱም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መሥመር ብቻ ይሠረዛል፣ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት፣ ትክክሉ ከጎኑ ይጻፋል፣ የተሳሳተውም ይፈርማል። ተሳሳትሽ ማለት ሠራሽ ማለት ነው፣ የደበቅሽ ዕለት ግን ሥራው የለም ይሉ ነበር። ገበሬዎች መጥተው ይዘንባል ወይ ሲሏቸው ደግሞ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እኔ የማውቀው የዘነበውን ነው። ሰዉ በዚህ ይቀየማቸው ነበር። እኔም ለሰው ልጅ አንዲት ደግ ቃል ምን አለበት እያልኩ አዝንባቸው ነበር።

የነጭ አፈር በልግ፣ ኧረ ተዉኝ። መጋቢት ላይ ጠዋት ስነሣ በረንዳ ላይ ያደረ የመታጠቢያ ውሃ ላዩ ረግቶ አገኘዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አፍንጫዬን ይልጠዋል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከታች ከበረሃው የጋለ ነፋስ ሽቅብ ይወጣና አቧራውን እየዘፈነ ያዞረዋል፣ ሣጥኑ አይታየኝም፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ዐሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ይጠቁራል። ዝናቡ ከደመናው ሲወርድ በዐይኔ በብረቱ አየዋለሁ፣ ግን መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ደርቆ ይጠፋል። የአገሩ ሰው ደመናው ጢሙን አወረደ ይለዋል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ዘነበ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ጋሽ ደምሴ ፀጉርሽ ረጠበ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልረጠበም። ታዲያ ዘንቧል ወይስ አልዘነበም? ለዚህም ራሱን የቻለ ምልክት አለው፣ አስተማሩኝ፣ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ነገሩ አልተዋጠልኝም። አንድ ቀን ውስጥ አራት ወቅት የሚፈራረቅበት አገር ላይ ሰው ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?

ውሃ ምን ያህል እንደሚተን የምንለካበት ሰፊ የቆርቆሮ ገንዳም ነበረን። አንድ ሰሞን ትነቱ ያለ ልክ ጨመረና ጋሽ ደምሴ አንድ ሙሉ ቀን ወንበር አውጥተው ገንዳው አጠገብ ተቀመጡ። ወፎቹና የጎረቤት ፍየሎች በየተራ ይጠጡት ኖሯል። ለአዲስ አበባ የላክነው ትነት ግማሹ በፍየል ሆድ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በወንፊት ሽቦ ከደኑት፣ ያለፈውን ሁሉ አጠራጣሪ ብለው ጻፉበት።

የነጭ አፈር ገበሬ በበልግ ለመዝራት ሰማይ አያይም። ከዘነበ በኋላ ማሳው ላይ ተንበርክኮ በእጁ ይምሳል። እስከ አንጓው ድረስ እርጥብ ካገኘ ይዘራል፣ ከዚያ በፊት ደረቅ ከነካ እጁን አራግፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጣቢያው ከተተከለ ወዲህ ግን የዝናብ መለኪያችንም ክብር አግኝቶ ነበር። የመንግሥት ብርጭቆ ይሉታል። ብርጭቆው ስንት አለ እያሉ ከአጥሩ ማዶ ይጠይቁናል። ስንት እንደሆነ መንገር አይከለከልም፤ ምን አድርጉ ማለት ነው የተከለከለው።

ከሁሉም የምቀርባት እትዬ ትርንጎ ነበረች። ቤቷ ከአጥራችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ባሏ ሞቷል፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ ትንሿ፣ ሙሉ የምትባለው፣ ገና ከጀርባዋ አልወረደችም። ከእኔ በአምስት ስድስት ዓመት ትበልጣለች። የከተማ ልጅ ብላ እየቀለደችብኝ እንጨት መለየት፣ በአመድ ዕቃ ማጠብ፣ ነፋስ ሲመጣ በር በየት በኩል እንደሚዘጋ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔም የፒያሳን ወሬ እያወራሁ አስቃታለሁ። ያለፈው ክረምት አልዘነበም ነበር። በዚያ በልግ ጓዳዋ ውስጥ የቀራት አንድ ስልቻ የገብስ ዘር ነው፣ ከፍታ አሳይታኛለች። ይህን ካላበቀልኩ ቤቴን ዘግቼ መሰደዴ ነው አለችኝ። ስትናገር እንደ ቀልድ ነበር፣ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ሚያዝያ እንደገባ ጋሽ ደምሴ ደመወዛችንን ሊያመጡ፣ ፎርምም ሊያስረክቡ ወደ ከተማ ወረዱ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራው ተነሣ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ እኔም የተለመደው ጢም ነው ብዬ ተቀምጬ ሳለ በረዶው ወረደ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ቀጠቀጠው። ሲያባራ ሜዳው ነጭ ሆኗል። የዝናብ መለኪያው እስከ አፉ በበረዶ ተሞልቷል።

በረዶ ሲገባበት ሥርዓት አለው። ሙቅ ውሃ በመለኪያው ብርጭቆ ትለኪያለሽ። በረዶው ላይ ታፈሺና ታቀልጪዋለሽ። ሁሉንም አንድ ላይ ትለኪያለሽ። በመጨረሻ ያፈሰስሽውን ሙቅ ውሃ ትቀንሻለሽ። አራት ነገር ነው። በማንቆርቆሪያ ውሃ አሞቅኩ፣ ሃያ ሚሊሜትር ለካሁ፣ አፈሰስኩ፣ አቀለጥኩ፣ ሁሉንም ለካሁ። እጄ ደንዝዟል፣ ልቤ በደስታ ይመታል፣ ብቻዬን ጣቢያ ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱን ሠርቼ አራተኛውን ረሳሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን እንኳ አልለቀምኩም። በማግሥቱ ጠዋት በራዲዮ ለአዲስ አበባ ሳስተላልፍ ኦፕሬተሩ ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። እሰይ አለ።

ራዲዮውን ዘግቼ ስወጣ እትዬ ትርንጎ አጥሩ ጋ ቆማለች።

«ሰናይት፣ ብርጭቆው ስንት አለ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ይበቃል?»

የጋሽ ደምሴን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ጋሽ ደምሴ የሉም። እሷ ደግሞ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች፣ ስልቻዋ ትዝ ይለኛል፣ ቁጥሩንም እንደ ወንጌል አምኜዋለሁ።

«አዎ» አልኳት። «ይበቃል፣ ዝሪ።»

ትከሻዬን ስማኝ ሄደች። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ሳይ ማሳዋ ታርሶ ጠቁሯል። የሌሎቹን ገበሬዎች ማሳ አየሁ፤ ተንበርክከው ምሰው፣ እጃቸውን አራግፈው ተመልሰዋል። እነዚህ ሰዎች ቁጥር አይገባቸውም ብዬ የታዘብኳቸውን አልረሳውም።

ጋሽ ደምሴ በዚያው በአራተኛው ቀን ማምሻውን ተመለሱ። መዝገብ የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች ስታነቢ የምትጠብቂውን ነው የምታይው ይላሉ። በረዶ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ሙቅ ውሃው የታለ?» አሉኝ።

ከሠላሳ አንዱ ሃያው የማንቆርቆሪያዬ ውሃ ነው። ሰማይ የሰጠው ዐሥራ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በረዶ ሆኖ ወርዶ ገሚሱ በጠጠሩ ላይ ተንከባሎ የሄደ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። በአንድ መሥመር አሠረዙኝ፣ ዐሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ራዲዮ ከፍተው እርማት ብለው ለአዲስ አበባ አስተላለፉ። ከዚያ የራዲዮውን ማዳመጫ እያወለቁ፣ ይህን ቁጥር ለሌላ ሰው ነግረሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይ፣ አልነገርኩም» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው? እሳቸውን ፈርቼ ነው? ወይስ አዎ ብል ተነሥተው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ እኔን አስከትለው እትዬ ትርንጎ ቤት እንደሚሄዱ ስላወቅኩ ነው? እርማቱ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ አዲስ አበባ ደረሰ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ላለችው ሴት ግን አልደረሰም። ያን ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት፣ ብነግራትስ ምን ታደርጋለች፣ ዘር ተዘርቶ አይለቀም በሚል ነበር።

ከዚያ የበረሃው ነፋስ ያዘን። ዐሥራ ሰባት ቀን፤ እኔው ነኝ የመዘገብኩት። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የእትዬ ትርንጎ ገብስ በስምንተኛው ቀን አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ፣ በአጥሩ በኩል አረንጓዴውን አይቼ ዕልል ልል ምንም አልቀረኝም። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ገለባ ሆኗል። ነፋሱ ሲመጣ አብሮ ከአፈሩ ጋር ሄደ። በዚያ ሰሞን ትንፋሼን ይዤ ሣጥኑን ስከፍት ዐይኔ እንባ ስለሚሞላ ቁጥሩን የምደግመው ሦስቴ ነበር። ጋሽ ደምሴ አቧራው ነው ብለው ወደ መዝገባቸው ይመለሳሉ፤ ያውቁ ይሆን አያውቁ ይሆን አልተረዳሁም።

ክረምቱ ሳይገባ እትዬ ትርንጎ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ልትሄድ ተነሣች። ልትሰናበተኝ መጣች። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ እሷ ናት የምታባብለኝ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ የሰማዩ ነገር ነው አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ አዎ፣ የሰማዩ ነገር ነው አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ አዎ ማለቴ ነው።

አሁን ግራ የሚያጋባኝን ልንገራችሁ። ምሰው ከተመለሱት ገበሬዎችም የተሳካላቸው ገሚሶቹ ብቻ ናቸው። የሚያዝያ መጨረሻ ደህና ዝናብ ጣለ፣ ዘሩ፣ ገብሱ አማረ። ከዚያ ውርጭ መጣና የግማሾቹን በአንድ ሌሊት አቃጠለው፤ የግማሾቹን ማሳ ዘሎት አለፈ፣ አጠገብ ለአጠገብ። የእትዬ ትርንጎ ማሳ በየትኛው ወገን ይሆን ነበር? ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። ብትጠብቅ ታተርፍ ነበር? ወይስ ያው ነበር? ሠላሳ ዓመት ይህን ስቀንስና ስደምር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ከነጭ አፈር በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ቆላ የወንዝ ዳር ጣቢያ ላይ ከወባ ጋር አራት ዓመት ኑሮ ተጋራሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ከነጥብ በኋላ ያለች ቁጥር አይወድም፣ ጠቅለል አድርገሽ ሙሉውን ቁጥር ብቻ ጻፊ ይለኛል። ጣቢያውን ትቼ እሄዳለሁ እንጂ አልጽፍም ብዬው ለስድስት ወር ተኳርፈናል። ጋሽ ደምሴ ገብተውብኝ ነበር፤ እኔም ጫማዬን መወልወል ጀምሬ ነበር። እሳቸው ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመታቸው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ፣ አልነገርኩም ያልኩት ውሸት ነው ልላቸው የምችልበት ጊዜ ማለፉን አሰብኩ። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፣ የሌሎችን መዝገብ የምመረምረው እኔ ሆንኩ፣ እንደሳቸው ከታች ወደ ላይ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጣቢያዎቹ በራሳቸው የሚሠሩ ሆኑ። አንድ የብረት ዘንግ፣ የፀሐይ መስታወት፣ ሽቦ፤ ሰው የለም። የሚተክለውን ባለሙያ በረዶ ሲወርድበትስ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ውሃ አይጨመርበትም አለኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅኩም። የመሸኛ ግብዣው ላይ ደብዳቤና ሰዓት ተሰጠኝ፣ ስለ ታማኝነቴ ተነገረ፣ አንገቴን ደፍቼ አጨበጨብኩ።

እትዬ ትርንጎ ሥላሴ ጀርባ እንደምትኖር ለብዙ ዓመት አውቅ ነበር። የአገሯ ሰው ነግሮኛል። ከቤቴ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። አልሄድኩም። ትንሿ ሙሉ አድጋ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ እንደምትሠራም ሰማሁ። ጡረታ ስወጣ እግሬ ወደዚያ ኬክ ቤት መራኝ፣ ማኪያቶ አዝዤ አያታለሁ፣ የእናቷ ግንባር ነው ያላት። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም፣ ስትጠይቀኝ የአየር ሁኔታ ሠራተኛ ነበርኩ ብቻ አልኳት። በዙሪያችን ፒያሳ ራሱ እየፈረሰ እየተሠራ ነው። የለመድኩት መታጠፊያ የለም፣ ሕንጻ ብዬ የማስታውሰው ቦታ ሰማይ ሆኗል፣ ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር መንገድ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ልጅቷ ሒሳብ ልትቀበለኝ ስትመጣ፣ የሚመጣው ሳምንት ከሰፈራችን ተነሥተን ከከተማው ዳር ልንገባ ነው፣ እኔም ሥራውን ልለቅ ነው፣ እማዬ መራመድ አትችልም፣ ጥያት ከዚያ ድረስ መመላለስ አይሆንልኝም አለችኝ። አሁን ካልሄድኩ መቼም እንደማልሄድ ገባኝ።

ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ ኬክ አስጠቅልዬ ሄድኩ። ዕቃው በማዳበሪያ ተሞልቶ ቤቱ ባዶ ነው። እትዬ ትርንጎ የተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ጉልበቷ በጨርቅ የታሰረ። ሙሉ በር ላይ ስታየኝ ተገርማ አስገባችኝና ገመድ ልትገዛ ወጣች። ድምፄን እንደሰማች የብርጭቆዋ ልጅ አለችና እጄን ያዘች። እጄን ይዛ እንዳለች ነገርኳት፣ ነገርን ከሥሩ ነው ብዬ ምንም ሳላስቀር። ማንቆርቆሪያውን፣ ሃያውን፣ እርማቱን፣ ለጋሽ ደምሴ አልነገርኩም ማለቴን። ዝሪ ያልኩሽ በውሸት ቁጥር ነው አልኳት። ስጨርስ እውነተኛው ስንት ነበር አለች።

«ዐሥራ አንድ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «ሰናይት፣ እኔ አንቺ ጋ የመጣሁት እኮ ዘርቼ ነው» አለችኝ።

አልገባኝም፣ አስደገምኳት። ወንድሟ በሬዎቹን ይዞ የመጣላት ለዚያች አንዲት ጠዋት ብቻ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጀምሮ አረሰላት፣ እሷ በተነች፣ ሲጨርሱ በሬዎቹን እየነዳ ሄደ። መሬቱን ምሳ ነበር፣ እርጥቡ አንጓዋ ጋ አልደረሰም። ዘርታ ጨርሳ ነው ብርጭቆው ምን እንዳለ ልትጠይቅ የመጣችው። አይበቃም ብልሽስ ኖሮ አልኳት። አልቅሼ እመለስ ነበር አለች። አዎ ብለሽኝ ግን ያን ቀን ልቤ ዐርፎ ዋልኩ።

እኔን ልታሳርፈኝ ነው እንዴ ይህን የምትፈጥረው ብዬ ፊቷን አየሁት። ትርንጎ ትችልበታለች፣ ስትሄድም ያባበለችኝ እሷ ናት። እውነትሽን ነው ወይ አልኳት። መልሳ የቱ ይሻልሻል አለችኝ። እውነቱ አልኩ። እሱን ነገርኩሽ አለች። የዚያን ጠዋት ነፋስ ከየት እንደነበር አውቃለሁ፣ የደመናውን ዓይነት፣ የእርጥቡን ቴርሞሜትር ንባብ ከነነጥቡ አስታውሳለሁ። አጥሩ ጋ የቆመችው ሴት እጅ አፈር ነክቶት እንደነበር ግን አላየሁም። እሱን ለማየት አንገቴን ዝቅ አላደረግኩም።

የኬኩን ካርቶን ፈትቼ ከፊቷ አኖርኩ። ከዚያ እሷ ናት የጀመረችው፣ እንዲያውም ድምፅዋ ፈራ አለ።

«እኔ ደግሞ፣ ዘርቼ መጥቼ እንዳልዘራሁ ሆኜ እንደጠየቅኩሽ ደርሰሽበት የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ያልመጣሽው በዚያ ነው ብዬ ነበር። እዚሁ መሆንሽን አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ ልልሽ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ፣ አፍሬ ቀርቻለሁ።»

አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ ምን እንዳሳቀን ሳላውቅ ሳቅን። ልጇ ገመዱን ይዛ ገብታ ሁለት አሮጊቶች ምን ሆናችሁ ብላ ቆማ ቀረች። እትዬ ትርንጎ የማዳበሪያውን አፍ ያዢልኝ አለችኝ፣ ያዝኩላት፣ እስኪመሽ ስናስር ዋልን።